ከኒያላ ወደ ኮክ፦ ሲጋራን በቬፕ ስተካ ጣዕም የመረጥኩበት መንገድ

ደጀን ስንደርስ የጃኬቴ ኪስ ርሶ ነበር። ማንጎ ማንጎ ይሸታል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሁለት ሦስቴ ዞር ብለው አዩኝ። በመጨረሻ አላስችል ሲላቸው፣ «ልጄ፣ ማንጎው ፈርጦብሃል መሰለኝ» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልኩ። ሌላ ምን ልበላቸው?

የፈሰሰው የቬፕ፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ፈሳሽ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የተጓዝነው። ከፍታ ሲጨምር በታንኩ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ገፍቶ ያስወጣዋል። አውሮፕላን ላይም ያው ነው። ይህን ስለማውቅ ለአውሮፕላኑ ታንኩን ባዶ አድርጌው ነበር የተሳፈርኩት። ዓባይን ግን ረሳሁት። ጎጃሜ ሆኖ ዓባይን የሚረሳ ሰው የሚገባውን አገኘሁ።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። 17 ዓመት አጭሻለሁ። የጀመርኩት ባሕር ዳር ስማር ነው፣ በኒያላ፣ በፍሬ እየገዛሁ። ቤተሰቤ አያውቅም ነበር። በእኛ አገር ሲጋራ ማጨስ ከጤናም በፊት ነውር ነው። ለእረፍት ስመጣ ሎሚ አኝኬ፣ እጄን በሳሙና ፈትጌ ነበር ወደ ቤት የምገባው። እናቴ ግን አፍንጫ አላት። አንድም ቀን ተናግራኝ አታውቅም። ሸሚዜን ስታጥብ ብቻ ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች።

ኋላ እንግሊዝ ሄድኩ። እዚያ ሲጋራ ውድ ነው፤ አንድ ፓኮ ከ10 ፓውንድ በላይ ነው። እኔ ደግሞ በቀን አንድ ፓኮ እጨርሳለሁ። ያቆምኩት በቬፕ ነው። ከዚያ አባቴ ታመመና ለአምስት ሳምንት ብዬ መጣሁ፣ ሦስት ወር ቆየሁ። የምጽፈው ስለዚሁ ሁሉ ነው። በተለይ ስለ ጣዕም ምርጫ፤ ምክንያቱም እኔ ብዙ ጊዜም ብዙ ገንዘብም ያባከንኩት እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። አጭሰህ የማታውቅ ከሆንክ ይህ ጽሑፍ ላንተ አይደለም። ቬፕ ውስጥ ኒኮቲን አለ፤ ኒኮቲን ያስይዛል። ጉዳት የለውም የሚል ሰው ካጋጠመህ ሻጭ ነው። ከሲጋራ የሚሻለው አንድ ነገር ስለሌለበት ነው፤ አይቃጠልም። ታር የሚባለው ጥቁር ዝቃጭም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝም የሚመጣው ትምባሆው ሲቃጠል ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ አራት ቀን ነው የቆየው። ሱቅ ገባሁ፣ ግድግዳው ሙሉ ብልቃጥ ነው። ግራ ገባኝ። አጫሽ ነኝ፣ ስለዚህ የትምባሆ ጣዕም ያለውን ልውሰድ አልኩ። ኒኮቲኑም አነስ ቢል ለጤና ይሻላል ብዬ 3 ሚሊ ግራም የሚለውን አነሳሁ። በአንድ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አስተዋይ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ያ ፈሳሽ ሲጋራ ሲጋራ አይልም። እርጥብ ገለባ ላይ ካራሜላ ያቀለጡበት ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ስስበው እውላለሁ፣ አምሮቴ ግን አይቆረጥም። በአራተኛው ቀን ማታ ወጥቼ አንድ ፓኮ ገዛሁ። «ጣዕሙ ነው የጣለኝ» አልኩ። ከዚያ ቡና ገዛሁ። ሚንት ገዛሁ። ቫኒላ ገዛሁ። አምስት ብልቃጥ ቀያየርኩ፤ ሲጋራዬም አብሮኝ አለ።

ያወጣችኝ እዚያው አገር ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው የሚታይበት ክፍል ያለች አማካሪ ናት። ስለ ጣዕም ምንም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጠዋት ከነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሳት?»

«ጫማዬን ሳላደርግ» አልኳት።

ሳቀች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ከባድ ነው አለችኝ። 3 ሚሊ ግራም ላንተ ውኃ ነው አለች። እዚያ አገር ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን 20 ነው፤ ከእሱ ጀምር አለችኝ፣ ኒኮቲን ሶልት የሚባለውን። ይህኛው በከፍተኛ መጠንም ቢሆን ጉሮሮ አይቧጥጥም። ተራው ኒኮቲን በዚያ መጠን ቢሆን ኖሮ እንደ ሚጥሚጣ ነበር የሚያንቀኝ።

እንግዲህ አምስት ብልቃጥ ሙሉ የከሰስኩት ጣዕም ጥፋቱ ያንሳል። የጎደለኝ ኒኮቲን ነው። በቬፕ ማቆም ለሚፈልግ አጫሽ ሁሉ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት። መጠኑ ካልደረሰ የትኛውም ጣዕም «አይጥምም»። መጠኑ ከበዛም እንዲሁ ነው፤ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰውም ጣዕሙን ይረግማል።

አሳሳቡም ሌላ ነው። ሲጋራ ቶሎ ቶሎ ይመጠጣል። ቬፕ በዝግታ ሦስት አራት ሰከንድ ይሳባል። መሣሪያው ውስጥ ፈሳሹን የሚመጥ ጥጥ አለ፤ እንደ ሲጋራ ከሳብከው ጥጡ ፈሳሹን ሳይጠጣ ያርራል፣ ጣዕሙም ያረረ ሽሮ ይሆናል። አፍም ይደርቃል። ውኃ ጠጣ። አፍህ ደርቆ ጣዕም ብትመርጥ አትመርጥም።

በተገናኘን ቁጥር ቱቦ ታስነፋኝ ነበር፤ በትንፋሼ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ ነው። መጀመሪያ 24 አለ። ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ትቼ በቬፕ ብቻ ሳምንት ከቆየሁ በኋላ 3 አለ። ያቺን ቁጥር አልረሳትም። እያጨሱ ቬፕ መጨመር ግን ሁለት ሱስ መያዝ ነው።

አሁን ወደ ጣዕሙ።

የትምባሆውን ጣዕም በትክክለኛው መጠን ድጋሚ ሞክሬዋለሁ። አሁንም አልሆነኝም፤ ያኔ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ሲጋራን ለመምሰል የሚሞክር ነገር ሁልጊዜ ከሲጋራ ጋር ይወዳደራል፣ ሁልጊዜም ይሸነፋል። በሳብኩት ቁጥር የሚያስታውሰኝ የተውኳትን ነው። የሚስማማቸው ሰዎች አሉ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በእሱ ነው የተወው። ለእኔ ግን የቀድሞ ፍቅረኛን እህት እንደማግባት ነው።

ቡናው ስድብ ነው። ያለ ዝርዝር ልለፈው።

ሚንት፣ ያውም ሜንቶል፣ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው። ለጉሮሮ ቅዝቃዜ ይሰጣል፤ ሲጋራው የሚሰጠውን መቧጠጥ ይተካል። እኔ ግን ስስበው የታየኝ እናቴ ናት። ደብረ ማርቆስ ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ ቅጠሉን በድስት አፍልታ፣ ጋቢ ደርባብኝ ታጥነኝ ነበር። ሜንቶሉን በሳብኩ ቁጥር የታመምኩ ይመስለኛል። ይህን የምነግራችሁ ለቀልድ አይደለም። ጣዕም ትዝታ ይጎትታል። ሌላው ሰው «አሪፍ ነው» ያለህ ብልቃጥ ላንተ የሆስፒታል ኮሪደር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ትንሹን ግዛ። እንግሊዝ ኒኮቲን ያለበት ብልቃጥ ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ለሙከራ ደህና ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ምላሴና አፍንጫዬ ተመለሱ። እስከዚያ የምወደው የማንጎ ፈሳሽ በድንገት እንደ ስኳር ሽሮፕ ሆነብኝ። ተበላሽቷል ብዬ ነበር። እሱ አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ የዳንኩት። አጫሽ ሳለህ የመረጥከው ጣዕም ካቆምክ በኋላ ሊከብድህ ይችላል። መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት በብዛት አትግዛ የምለው ለዚህ ነው። ያው እኔ ማንጎውን በብዛት ገዝቼ ስለነበር ነው እስከ ደጀን የተከተለኝ።

ኩስታርድ የሚባል አለ፤ የወተት፣ የእንቁላልና የቫኒላ ጣዕም። ይጥማል፣ አልዋሽም። ግን ጣፋጭ ፈሳሽ ኮይሉን፣ ፈሳሹን የሚያግለውን ሽቦ፣ ይገድላል። ማጣፈጫው ሽቦው ላይ እየጠቆረ ይጋገራል፣ ልክ ስኳር ምጣድ ላይ እንደተደፋ። ሁለት ሳምንት የሚቆየው ኮይል በአምስት ቀን አረረብኝ። በዚያ ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ ይዤው የመጣሁት በዐቢይ ጾም ነው። እናቴ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ስስብ አገኘችኝ። አሸተተች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሲጋራ ማቆሚያ ነው እማዬ።»

ዝም አለች። 17 ዓመት ያልተነገረ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ወጣ። ከዚያ፣ «ወተት ወተት ይላል። የጾም ነው የፍስክ?» አለችኝ።

የፈሳሹ አንዱ ክፍል የሆነው ግሊሰሪን ከአትክልት ነው፣ ወተት የለበትም፣ ሽታው ብቻ ነው ብዬ አስረዳኋት። «ሽታውስ ቢሆን በጾም?» አለችና ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ኩስታርዱን አልነካሁትም።

ግን ጣዕም የመምረጥ ነገር በቁም ነገር የተለወጠብኝ በእህቴ ልጅ ነው። 14 ዓመቱ ነው። ማንጎውን ሸተተውና፣ «ጋሼ፣ ማስቲካ ማስቲካ ይላል፤ እስኪ ልቅመሰው» አለኝ። እጁን ዘርግቶ፣ ከረሜላ እንደሚቀበል። ደሜ ቀዘቀዘ። ሲጋራ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ በሕይወቱ «ልቅመሰው» አይለኝም ነበር፤ ሽታው ራሱ ያባርረዋል። እኔ ሲጋራን ለማምለጥ የመረጥኩት ጣዕም ለእሱ በር እየከፈተለት ነው።

በዚያው ሰሞን ጤና ባለሙያ የሆነ የልጅነት ጓደኛዬ ሕጉን ነገረኝ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም፣ ሺሻም፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሲጋራም ቢሆን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። እኔ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ላይ «እንዴት ከሲጋራ የሚሻለውን ይከለክላሉ?» ብዬ ተከራከርኩት። እሱ የእህቴን ልጅ በአገጩ ጠቆመኝ። ክርክሩ እዚያ አበቃ፤ እኔ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተረታሁም። ለትልቅ አጫሽ ሌላ በር ቢኖር ደስ ባለኝ።

አገር ቤት ያላችሁ ግን በጓሮ የሚሸጠውን አትፈልጉ። ሕጉን ትተን እንኳ ብናስበው፣ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግርህ የለም። ለምሳሌ ዳያሴቲል የሚባል ቅመም አለ፤ የቅቤ ሽታ የሚሰጥ ነው። ፈንዲሻ ፋብሪካ ውስጥ ሲተነፍሱት የኖሩ ሠራተኞችን ሳንባ ጎድቷል። እንግሊዝ ቬፕ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል። ምንጩ የማይታወቅ ብልቃጥ ላይ ይህን ማን ያረጋግጥልሃል?

ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ያጨናንቅሃል፣ የጤና አዳም ዘይት ጠብ አድርግበት፤ ቡና ላይ ይጥም የለ እንዴ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። ዘይት ሳንባ ውስጥ አይገባም! የባሕር ዛፍም፣ የጥቁር አዝሙድም፣ የምንም ዘይት። ማርም እንዲሁ። ሆድ የሚወደውን ሁሉ ሳንባ አይወድም። ዘይት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

ብልቃጦቹንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቁልፍ ሳጥን ውስጥ አደረግኳቸው። ፈሳሽ ኒኮቲን ልጅ ቢጠጣው መርዝ ነው። ከረሜላ የሚሸት መርዝ።

በስተመጨረሻ የጸናሁባቸው ሁለት ጣዕሞች ናቸው፤ ሎሚና ኮክ። ኮኩ አያቴ ጓሮ ከነበረው ዛፍ ጋር ይገናኛል። ክረምት ላይ ጥሬውን በጨው እንበላ ነበር። ፈሳሹ የሱን ያህል አይሆንም፤ ግን ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ስኳሩ ቀላል ነው። ከርቀትም አይሸትም።

ሁለቱን በሰዓት ነው የከፈልኳቸው፤ የሠራልኝ እሱ ይመስለኛል። ሲጋራዎቼን ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ሃያዎቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም። የጠዋቷ አለች፣ ከቡና ጋር የምትጠጣዋ አለች፣ ከምሳ በኋላ ያለችው አለች። የተቀሩት እጅ የለመዳቸው ናቸው። ለከባዶቹ ሦስቱ ኮኩን መደብኩ። ለተቀረው ቀን ሎሚውን። ሎሚው አይጥምም ማለት አይደለም፤ ብዙም ስለማያስጎመጅ ነው የመረጥኩት። ማንጎውን ሳብ ሳብ ሳደርግ ከሲጋራ የበለጠ ኒኮቲን የወሰድኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሲጋራ ያልቃል፣ ትረግጠዋለህ። ቬፕ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ለተራው ሰዓት የምትመርጠው ጣዕም ሁለት ጊዜ ስበህ የምታስቀምጠው ይሁን።

ደግሞ አንድ ጣዕም ብቻ ከያዝክ በሳምንቱ ምላስህ ይደነዝዝና ምንም አይሰማህም። ይህ በቬፕ የተለመደ ነው። ያኔ ሰው መጠን ይጨምራል። ቀይረው፤ መጠኑን ተወው።

ስለ ቅዝቃዜም ጥቂት። ደብረ ማርቆስ ጠዋት ይበርዳል። ግሊሰሪን የበዛበት ፈሳሽ ሲበርደው ይወፍራል፣ ጥጡ ቶሎ አይጠጣውም፣ ኮይሉ ያርራል። ለትናንሽ መሣሪያ ግሊሰሪኑና ቀጠን ያለው ሌላው ክፍል፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግማሽ በግማሽ የሆነው ይሻላል። እኔ ከጋቢ ሥር ብብቴ አካባቢ ይዤው ነበር የማድረው፣ እንደ ጫጩት። አሁን ሳስበው ያ ራሱ የሱስ ምልክት ነው።

ይዤ የመጣሁት 12 ብልቃጥ ነበር፤ ማንጎና ኩስታርዱን ስቀንስ ስምንት ቀሩ። ያኔ ከ20ው ወርጄ 10 ሚሊ ግራም ላይ ነበርኩ። አባቴ አልተሻለውም፣ ትኬቴን አራዘምኩ። በደብረ ዘይት ሰሞን ሁለት ቀሩኝ። መግዣ የለም። ደግነቱ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ኒኮቲን የሌለበት የኮክ ፈሳሽ ነበረኝ። ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩት፤ ኒኮቲኑ 5 ሚሊ ግራም ሆነ። ሳምንት ቆይቼ ደግሞ አቀጠንኩት። ጣዕሙ ያው ኮክ ስለሆነ አፌ ልዩነቱን አላወቀም። እንቅልፌ ግን አወቀ። ሦስት ሌሊት ጣራ ቆጥሬያለሁ። እህቴን ያለ ምክንያት ተቆጥቻታለሁ። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «አመልህ ነው መስሎኝ» አለችኝ።

ሰሙነ ሕማማት ላይ የቀረኝ ዜሮው ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችኝም። እናቴ ምንም ሳትል ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያቃጥላል፣ ምላስ ያደነዝዛል፣ ሃያ ደቂቃ ያቆያል። አገር ቤት ላላችሁ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የሚጠቅማችሁ ምናልባት እሱ ነው፤ ከባዷን ሰዓታችሁን ለይታችሁ ለእሷ ብቻ የሚሆን ጠንካራ ጣዕም መመደብ። ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ የሎሚ ልጣጭ። ለእጅ ደግሞ ቆሎ።

ስመለስ አውቶቡሱ ዓባይ ከመውረዳችን በፊት ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ለኮሱ። አንዱ ወደ እኔ መጣ፣ «እሳት ይኖርሃል ወንድሜ?» አለኝ። እጄ በልማድ ኪሴ ገባ። ቅርንፉድና የቆሎ ፍርፋሪ ነው ያለው። ጃኬቱ ሁለት ጊዜ ታጥቦም ትንሽ ማንጎ ይሸት ነበር።

እንግሊዝ በገባሁ በሳምንቱ አንድ ብልቃጥ ሎሚ ገዛሁ፣ 5 ሚሊ ግራም። አልደብቅም። ድሮ 10 ሚሊ ሊትር በሦስት ቀን ነበር የሚያልቅብኝ። ይህኛው ሁለተኛ ወሩን ይዟል፣ ሲሶው አሁንም አለ።